ለወንድም በመጣበት ዋጋ

(ሲግናል፣ የገረሱ ጫማ ቤት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ገረሱ የሱቁ ባለቤት ነው፤ ጀይላን ደግሞ ከጎኑ መጋረጃ ይሸጣል። ሁለቱም እንጦጦ ተዳፋት ላይ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ዴስክ የተማሩ፣ አሁን ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ጎልማሶች ናቸው። የጫማ መሞከሪያዎቹ አግዳሚዎች እንደ ትምህርት ክፍል በረድፍ ተደርድረዋል። ገረሱ ከረቫት አስሯል። በእጁ ጠመኔ ይዟል።)

ገረሱ፦ ቋ! ቋ! ቋ! የትምህርት ቤታችን ደወል እንዲህ ነበር የሚለው። የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ ሌላ ድምፅ አያወጣም።

ጀይላን፦ አይደለም። ድዉዉ... ድዉዉ... ነበር የሚለው። እኔ ከእናቴ ቤት ሆኜ ነው የምሰማው።

ገረሱ፦ ከእናትህ ቤት ሆነህ የምትሰማው ስለምታረፍድ ነዋ! እኔ ከሥሩ ቆሜ ነበር የምሰማው።

ጀይላን፦ ከሥሩ የቆመ ሰው ጆሮው ይደነቁራል። ደወል የተሠራው ሩቅ ላለ ሰው ነው። አጠገቡ ለቆመማ ምን ያደርግለታል? ደርሷል።

ገረሱ፦ ዘበኛው በፌሮ ብረት ሲመታው እኮ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጉሙ ከኪዳነ ምሕረት በኩል እየተጎተተ ይወርዳል፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ጤዛውን ኮሌታችን ውስጥ ያንጠባጥባል፤ እኛ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ተሰልፈናል። ከዚያ፣ ቋ!

ጀይላን፦ ድዉዉ።

ገረሱ፦ ተወው! ስለ ደወል አልጠራሁህም። ተቀመጥ። ዛሬ ተማሪ ነህ።

ጀይላን፦ ስንተኛ ክፍል?

ገረሱ፦ አሥረኛ።

ጀይላን፦ እኔ እኮ ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ዘጠነኛን ማን ይማርልኛል?

ገረሱ፦ አሳልፌሃለሁ። ተቀመጥና ስማኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህርት ኢፍቱ ክፍሏን በሙሉ ይዛ እዚህ ትመጣለች። ያስጠናሁትን ትምህርት አንዴ ባንተ ላይ ልሞክረው።

ጀይላን፦ ያስጠናኸውን ወይስ ያጠናኸውን?

ገረሱ፦ (ከረቫቱን ይነካካል) ያጠናሁትን። ሰው ሲጨነቅ አፉ ይስታል።

ጀይላን፦ ቆይ፣ የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ባነርና ኮፍያ ይሠራ ብለን አልነበር የተለያየነው? «ቆጣቢ ትውልድ እንፍጠር» የሚል፣ ከላይ ያንተ ፎቶግራፍ ያለበት?

ገረሱ፦ ፎቶግራፌ ከታች ነበር።

ጀይላን፦ ከታች ሆኖ ጽሑፉን ውጦት ነበር። «ቆጣቢ» ብቻ ነበር የሚነበበው።

ገረሱ፦ መምህርቷ አልተቀበለችውም። «ባነሩንም ኮፍያውንም ለራሳችሁ አድርጉት። ልጆቼ በስልካቸው ገንዘብ ይላላካሉ፤ አንድ ዕቃ ግን ዋጋው ከየት እንደሚመጣ አያውቁም። ለዚህ ነው ‹ብር ላኩልን፣ በሳምንት እጥፍ አድርገን እንመልሳለን› የሚል መልእክት ሲደርሳቸው የሚያምኑት። ነጋዴ ሊረዳን ከፈለገ ሒሳቡን ያሳየን» አለች።

ጀይላን፦ እኔ ጋም ደርሷል።

ገረሱ፦ ምኑ?

ጀይላን፦ እጥፍ አድርገን እንመልሳለን የሚለው። ማንነቱን ስላላወቅሁት ሳልመልስለት ቀረሁ። ሰውዬው ይቀየመኝ ይሆን?

ገረሱ፦ (ወደ ጣሪያው እያየ) አምላኬ፣ በዚህ ሰው ነው የምለማመደው።

ጀይላን፦ እና ባነሩን ስትከለክልህ ለምን እሺ አልክ? ኮፍያ አድሎ መገላገል ይቀል ነበር እኮ።

ገረሱ፦ ዳርቱ ናታ። ልጄ ክፍሉ ውስጥ ናት። ጀይላን፣ ይህቺ ልጅ ሱቄን ከረገጠችው ስንት ጊዜዋ ነው! «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት፣ «ንግድ» ብላ ወሬ ትቀይራለች አሉ። ዛሬ ቁርስ ላይ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «አባዬ፣ እውነቱን ትነግራቸዋለህ አይደል? ለልጆቹ፣ አባቴ አይደብቅም ብያቸዋለሁ» አለችኝ። እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ጀይላን፦ ውኃ ጠጣህ?

ገረሱ፦ ጠጣሁ! ነገሩ ውኃ አይደለም! ዛሬ ይህን ትምህርት ካበላሸሁት ልጄ ዳግመኛ እዚህ በር አትደርስም ነው የምልህ።

ጀይላን፦ እሺ፣ እሺ። አትቆጣ። (አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ እጆቹን አጣጥፎ) ደህና ዋሉ፣ መምህር።

ገረሱ፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ካርቶን ላይ የተሳለ ሥዕል ያቆማል) ይህ «ጫማ ሀ» ይባላል። አንድ ነጋዴ ጫማ ሀን በአንድ ሺህ ብር ገዛ።

ጀይላን፦ (እጁን ያወጣል) መምህር።

ገረሱ፦ ገና አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው!

ጀይላን፦ ነጋዴው ማን ይባላል?

ገረሱ፦ ስም የለውም። «አንድ ነጋዴ» ነው። እኛ በተማርንበት የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የነበረው ነጋዴ።

ጀይላን፦ ያ ሰውዬ እስካሁን አለ? ያኔ እኮ ጤፍ ነበር የሚነግደው።

ገረሱ፦ አሁን ጫማ ውስጥ ገብቷል።

ጀይላን፦ ደግ አደረገ፣ ጤፍ ወጪው ከባድ ነው። ግን ዕድሜ ልኩን ነግዶ ስም ሳያወጣ? ሱቁ የት ነው?

ገረሱ፦ ሱቅ የለውም! ምሳሌ ነው!

ጀይላን፦ ኪራይ አይከፍልማ። የታደለ።

ገረሱ፦ (አፉን ከፍቶ ይዘጋል) ይከፍላል... እሺ፣ ኪራይ እንጨምርበት። (ካርቶኑ ላይ ይጽፋል)

ጀይላን፦ መምህር።

ገረሱ፦ አሁንስ ምን ሆንክ?

ጀይላን፦ መስኮት ላይ የሚያስቀምጠውስ? ፀሐይ የጠጣውን ጫማ ማን ይገዛዋል? ግራው ቡናማ፣ ቀኙ ቢጫ ይሆናል። ደግሞ ትልልቁ ቁጥር አለ። ያንተ አርባ ስድስት ቁጥር ከመደርደሪያው ሳይወርድ ስንት ክረምት አለፈው?

ገረሱ፦ እሱ... ይሄዳል። አንድ ቀን ረጅም ሰው ይመጣል።

ጀይላን፦ ያ ሰውዬም እንዲህ እያለ ይሆናላ የሚጠብቀው። የማይሸጠውን ዕቃ ኪሳራ የሚሸጠው ይሸከምለታል ማለት ነው። ግብሩስ?

ገረሱ፦ (እየጻፈ) ግብር... የመብራት... የፈዘዘ ጫማ... ስማ፣ አንተ ሳታስበው ጥሩ ተማሪ ነህ።

ጀይላን፦ ያኔ ያልጠየቅሁት ብርድ ስለነበር ነው። እጄን ከኪሴ አላወጣም ነበር።

ገረሱ፦ እንግዲህ ይህ ሁሉ ወጪ ሲደመር የመጣበት ዋጋ ይባላል። ከዚያ በላይ ያለው ትርፍ ነው። ትርፍ ቀስ ብላ የምትመጣ ነገር ናት፤ በሳምንት እጥፍ የሚል ካለ ወይ ሌባ ነው ወይ ሌባ የላከው ነው። አለቀ። ጥያቄ ያለው?

ጀይላን፦ ለወንድሙ በስንት ይሸጥለታል?

ገረሱ፦ ለማን?

ጀይላን፦ ለወንድሙ። ያ ሰውዬ።

ገረሱ፦ ወንድም የለውም!

ጀይላን፦ ነጋዴ ሆኖ? የገባው ሰው ሁሉ ወንድሙ አይደለም እንዴ? «ወንድሜ፣ ላንተ ስል ነው» ሳይል የሚመሽለት ነጋዴ ታውቃለህ?

ገረሱ፦ ...ለወንድሙ በመጣበት ይሸጥለታል።

ጀይላን፦ ትርፍስ?

ገረሱ፦ በመጣበት እኮ ነው! ትርፍ አይገባበትም!

ጀይላን፦ ገባኝ። (ቀኝ እግሩን አንሥቶ አግዳሚው ላይ ያደርጋል) በል ይህን አስላልኝ።

ገረሱ፦ እግርህን አውርድ! ክፍል ውስጥ ነህ!

ጀይላን፦ ያምና ክረምት ከዚህ ሱቅ የገዛሁት ጫማ ነው። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር። «ወንድሜ፣ በመጣበት ነው» ብለኸኛል።

ገረሱ፦ ጫማ ሀ ይሻላል። ቁጥሩ ድፍን ነው።

ጀይላን፦ ጫማ ሀን ማንም አያደርገውም፤ ሥዕል ነው። ይኼኛውን እኔ አድርጌዋለሁ። በጅምላ ስንት ገዛኸው?

ገረሱ፦ እሱ... ብዙ ነገር አለበት። ማጓጓዣ አለ። ተሸካሚ አለ...

ጀይላን፦ ተሸካሚ?

ገረሱ፦ እንዴ! ከታክሲ ወርዶ እዚህ እስኪደርስ? ያ ሁሉ ማዳበሪያ ሙሉ ጫማ?

ጀይላን፦ ገረሱ።

ገረሱ፦ ምነው?

ጀይላን፦ «መገናኛ ደርሻለሁ፣ ናና እርዳኝ ወንድሜ» ብለህ የደወልከው ለማን ነበር?

ገረሱ፦ (ከረቫቱን ይጎትታል)

ጀይላን፦ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ እኮ! በአናቴ ተሸክሜ ያመጣሁትን ጫማ፣ የተሸካሚ ጨምረህ ለኔው ሸጥክልኝ?

ገረሱ፦ ሻይ ጋብዤሃለሁ!

ጀይላን፦ ሻዩንም ጫማው ላይ ጨምረኸው ይሆናላ!

(ገረሱ ካርቶኑን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያደርገዋል።)

ገረሱ፦ እሺ። ትንሽ ትርፍ ነበረበት።

ጀይላን፦ ትንሽ ስትል በስንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው?

ገረሱ፦ አታድክመኝ፤ ትርፍ ነበረበት አልኩህ! ግን እኔም እኮ ቤተሰብ አለኝ። ደግሞ አንተ ሳትከራከር ነው የከፈልከው።

ጀይላን፦ እንዴት እከራከራለሁ? «ማርያምን፣ አንድ ብር አላተረፍኩብህም» ብለህ ስትምል ደንግጬ ከፈልኩ። ዳርቱ እንኳን ያን ጊዜ ሳጥን እየደረደረች ቀና ብላ አይታሃለች... (ይቆማል) ቆይ። ዳርቱ መምጣት ያቆመችው መቼ ነው አልከኝ?

ገረሱ፦ አላልኩህም።

ጀይላን፦ ያምና ክረምት ላይ አይደለም?

ገረሱ፦ ...ክረምት ላይ ነው።

ጀይላን፦ መርካቶ አብራህ የወረደችው እሷ ናት። ጅምላውን ሲነግሩህ አጠገብህ ነበረች። ከዚያ ስትምል ሰማች።

ገረሱ፦ (አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላል) ጥናት በዝቶባት መስሎኝ ነበር እኮ፣ ጀይላን። መብራት እንኳን ገዝቼላት ነበር፣ ለማጥኛ።

ጀይላን፦ (ጠመኔውን ከእጁ ይወስዳል፤ ድምፁ እንደ መምህር ይሆናል) ተቀመጥ፣ ልጄ። ቀጥ በል። ንግድ ምንድን ነው?

ገረሱ፦ አታሹፍብኝ።

ጀይላን፦ ንግድ አማና ነው፣ አደራ ነው! ገዢው የሚከፍልህ ለቆዳው ብቻ አይደለም፤ ለቃልህም ነው። ይህን ጫማ ባየሁ ቁጥር ወንድሜ በመጣበት የሰጠኝ እያልኩ መንገድ ላይ እንኳን ጉድጓዱን እየዘለልኩ ነበር የምሄደው! ለሚስቴ ነግሬያለሁ! ለጎረቤት ነግሬያለሁ!

ገረሱ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? እውነቱን ካወጣሁት ልጆቹ ለእናቶቻቸው ይናገራሉ። እናቶቹ ለጎረቤት። ሰኞ ጠዋት አንዷ ትገባና «ስንት ነው?» እንኳን ሳትለኝ፣ «ትርፍህን ግማሽ አድርገው» ትለኛለች።

ጀይላን፦ ትበልህ። ኪራዩን፣ ግብሩን፣ ያን የማይሸጥ ገደል የሚያህል አርባ ስድስት ቁጥርህንም አብረው ያውቁልሃል። ሳያውቁ ሌባ ከሚሉህ፣ አውቀው ትርፍ ይገባዋል ቢሉህ አይሻልም?

ገረሱ፦ (ቀና ብሎ ያየዋል) ይህን ከየት አመጣኸው?

ጀይላን፦ አሥረኛ ክፍል ስገባ ተለወጥኩ።

(በሩ ይከፈታል። ዳርቱ በትምህርት ቤት ሹራብ፣ እያለከለከች ትገባለች።)

ዳርቱ፦ አባዬ፣ መጡ! ቲቸር ከልጆቹ ጋር መንገድ እየተሻገረች ነው። ጋሽ ጀይላን፣ ደህና ዋሉ? (ካርቶኑን አዙራ ታየዋለች) ይሄ ምንድን ነው? ጀልባ ነው?

ገረሱ፦ ጫማ ሀ ነው።

ዳርቱ፦ (ቅር ብሏት) በዚህ ነው የምንማረው?

(ገረሱ ካርቶኑን ያነሣል። ያየዋል። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለሁለት ያጥፈዋል።)

ገረሱ፦ አይደለም። ጋሽ ጀይላን ባደረገው ጫማ ነው። በጅምላ የገዛንበትን አንቺ ትናገሪያለሽ፣ አብረን ነበርን። የሸጥኩበትን እኔ እናገራለሁ።

ዳርቱ፦ (ዝግ ብላ) የማልከውንስ?

ገረሱ፦ የማልኩትንም።

(ዳርቱ ጠጋ ትልና የተጣመመ ከረቫቱን ታስተካክልለታለች።)

ጀይላን፦ ማሻአላህ! ነጋዴ እንዲህ ነው! (ቀኝ ጫማውን አውልቆ መሐል አግዳሚው ላይ በክብር ያስቀምጣል) ይኸው ማስረጃው! እኔም ተበዳይ ነኝና ከፊት እቀመጣለሁ። ልጆቹ ዓይኔን እያዩ ይማሩ።

ዳርቱ፦ ጋሽ ጀይላን፣ እርስዎ እኮ ከጫማው ቀጥሎ ነዎት።

ጀይላን፦ ምን ላይ?

ዳርቱ፦ ቲቸር አንድ ሱቅ አይበቃም ብላለች። ጫማውን እንደጨረስን ወደ ጎረቤት፣ እርስዎ ጋ እንገባለን። ምሳሌውንም እኔ አስቤዋለሁ፤ መሪ ያለው፣ በቀለበት የሚሰቀለው የቤታችን መጋረጃ! ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቶቹ፣ የማድ ቤቷ ትንሿ መስኮት ሳትቀር የእርስዎ ናቸው። አባዬ፣ «ጀይላን በወንድም ዋጋ ሰጠኝ» እያለ ነው የከረመው።

ገረሱ፦ እንዴታ! እሱማ እንደኔ መሰለሽ? ከስሮ ነው የሰጠኝ። ዛሬ ልጆቹ ክፉንም ደጉንም ነጋዴ ያያሉ። አይደል፣ ጀይላን?

(ጀይላን ኮርኒሱን እያየ በረጅሙ ይተነፍሳል።)

ገረሱ፦ አየሽው? ያን ቀንም እንዲሁ ነበር! ስንት ልክፈልህ ስለው፣ ኮርኒሱን አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ። ስንት ቢጎዳ ነው አልኩ። ከተናገረው በላይ ጨምሬ ሰጠሁት! ሲቀበለኝም ተነፈሰ።

ዳርቱ፦ በመጣበት ነው ብለውህ ነበር?

ገረሱ፦ በአፉ አላለም። እሱ እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም።

ዳርቱ፦ ምለውልህስ?

ገረሱ፦ ጀይላን በንግድ አይምልም። ፈሪሃ አምላክ ያለው ሰው ነው።

ዳርቱ፦ ታዲያ ከስረው እንደሰጡህ በምን አወቅህ?

ገረሱ፦ ከአተነፋፈሱ... (ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል) ከአተነፋፈሱ ነዋ...

(ከውጭ የተማሪዎች ጫጫታ እየቀረበ ይሰማል።)

ገረሱ፦ ጀይላን?

ጀይላን፦ ዳርቱ፣ ልጆቹ ብዙ ናቸው?

ዳርቱ፦ ክፍሉ በሙሉ ነው የመጣው።

ጀይላን፦ መጋረጃ እኮ ከጫማ ይለያል። ስፌት አለው፣ እጥፋት አለው፣ የብረት ዘንግ አለው። ለአሥረኛ ክፍል ይከብዳል። ለዩኒቨርሲቲ ቢሆን...

ገረሱ፦ ጀይላን! አሳልፌሃለሁ፣ ተማሪ ነህ፣ መልስ! የመሪው መጋረጃ በስንት መጣ?

(ጀይላን ጠመኔውን ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ፣ ከጫማው ጎን ያስቀምጣል። በሩን የሞሉትን ተማሪዎች «እለፉ፣ እለፉ» በሚል እጅ እየከፈላቸው፣ አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ በካልሲ፣ ማንንም ሳይሰናበት ይወጣል። ወዲያው ከጎን የመጋረጃ ሱቁ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ሲወርድ ይሰማል።)